ረድፉን ማን ጨረሰው

ጥቅምት 4

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽስ ወገቡን ተሻለው? እኔ ደኅና ነኝ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታሽን እለምናለሁ። በማተሚያ ቤታችን አንድ ወፍራም የሕግ መጽሐፍ ገብቶ፣ እኛ አራሚዎቹ ሰረዝና ነጥብ ስናሳድድ ከረምን። በስልክ ብታወሪኝ ምናለ ያልሽውን አልዘነጋሁትም፤ ነገር ግን በስልክ የተባለ ነገር አይታረምም። በወረቀት የሰፈረ ግን ከመላኩ በፊት ተመልሶ ይነበባል።

ብቻዬን መኖሩ ከብዶኝ እንደሆነ ለጠየቅሽኝ በሐቅ ልመልስልሽ። አልከበደኝም። ይህን የምለው አንቺን ለማጽናናት አይደለም፤ ለማጽናናት የተነገረ ውሸትም ውሸት መሆኑን እንደማምን ታውቂያለሽ። ማታ ከሥራ ስመለስ ማሞቂያውን እከፍታለሁ፣ በመስኮቱ ሥር ባለው ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፣ ከእማዬ ቅርጫት የተረፈውን ሱፍ አውጥቼ ላንቺ የጀመርኩትን ብርድ ልብስ እሠራለሁ። ዳኛ ከእግሬ ሥር ይጋደማል። እማዬ ይህን ስም ያወጣችለት የሰው ሥራ ላዩ ላይ ተቀምጦ ሳይመረምር አያሳልፍም ብላ አልነበር? አሁንም እንደዚያው ነው። ልቃቂቱ ሲንከባለል እንደ ሌላ ድመት አያሳድደውም፤ በአንድ ዐይኑ አይቶት፣ ጉዳዩን ለሌላ ቀን የቀጠረው ይመስል መልሶ ይጨፍናል። መርፌ ከመርፌ ሲነካካና የእርሱ ኩርር ማለት ሲገጥሙ ቤቱ የሚጎድለው ነገር ያለ አይመስልም። ግራጫውን ጨርሼ ወደ ቀዩ ተሻግሬያለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከቁም ነገር አትቁጠሪው። ሐሙስ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ጥቂት ልሥራ ብዬ ተቀምጬ ሰዓቱ አለፈብኝና ረድፉን መሐል ላይ ትቼ ሮጥኩ። ማታ ስመለስ ረድፉ አልቆ አገኘሁት። ጨርሼው ወጥቼ ይሆናል። ነገር ግን ክሩን ዳኛ እንዳይጎትተው ሰግቼ፣ በሩ ላይ ሆኜ ዞር ብዬ እንዳየሁት አስታውሳለሁ፤ ሥራው መሐል ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ማስታወስ ምን ያህል እንደሚታመን ግን እንጃ። ይህን ለማንም እንዳትነግሪብኝ።

ታናሽሽ


ጥቅምት 13

የኔ ሊቅ፣

እኛ ደህና ነን። ወገቡ እንዳለ ነው፤ ግን አሁን ወገቡን ትቶ እኔን ማማረር ስለጀመረ ተሽሎታል ማለት ነው።

አይ፣ ያልሽውን ለማንም አልነገርኩም። ማን አለኝ ደግሞ የምነግረው? እንደዛ ማለትሽ ራሱ ገርሞኛል። ለአንድ ረድፍ ይሄን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው? ሰው ጠዋት ጠዋት ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነው። እኔ ባለፈው ለባሌ ስኳር መስሎኝ ሻዩ ውስጥ ጨው ጨምሬለት፣ ጠጥቶ አመሰገነኝ። ወይ ደግሞ ዳኛ ይሆናል የሠራው። ይሄን ሁሉ ዘመን ሲያይ ከርሞ ካልቻለበትማ ምኑን ዳኛ ሆነ።

ደሞ መጨረሱ ጥሩ ነው። ረድፍ መሐል ላይ የተተወ ሥራ መንገድ ላይ እንደቀረ ሰው ነው ይባል አልነበር ቤታችን? ያደግንበት ነገር ነው፤ እጅሽ ሳታውቂው ጨርሶት ይሆናላ።

ማሞቂያውስ? ያ ከሥሩ የሚያንጠባጥበው ነገር ቆመ? ሐሙስ ሐሙስ አሁንም እስከ ማታ ነው ሥራሽ? ዝም ብዬ ነው የምጠይቅሽ፤ ስትደክሚ ይታየኛል።

አጭር ስለሆነ ይቅርታ። ሌላ የምጽፍልሽም ነበረኝ፣ ሌላ ጊዜ ይሁን።

እህትሽ


ጥቅምት 22

ለምወድሽ እታለም፣

ለጠየቅሽኝ በተራ ልመልስ። ማሞቂያው መንጠባጠቡን አቁሟል። ሠሪ አልጠራሁም፤ መቼ እንዳቆመም አላውቅም። ሐሙስ አዎን፣ እስከ ማታ ነው። ጥያቄው ከየት እንደመጣብሽ ግን አልገባኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ምክርሽን ተቀብዬ ልተወው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ቃል ሳላጣራ አሳልፌ አላውቅም። ስለዚህ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሆን ብዬ ረድፉን ከመሐሉ ተውኩት። በቆምኩበት ቦታ ላይ የፀጉር ማስያዣዬን ሰካሁበት። ከዚያም ጮክ ብዬ “ትቼዋለሁ” አልኩ፤ ምስክሬ ዳኛ ነበር።

ማታ ረድፉ አልቋል። የፀጉር ማስያዣዬ በወንበሩ ክንድ ላይ በሥርዓት ተቀምጧል። ከረድፉ ጫፍ አልፎ የተሠራ አንዳች ነገር የለም። ከቤቱ የጎደለ ዕቃ የለም፤ መስኮቱ ዝግ ነው፣ በሩም እንደቆለፍኩት ነው።

ሌባ ነው ብዬ ባበቃሁ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ረድፉን ወደ መብራቱ አቅርቤ አየሁት። የእጄን ጥፋት ታውቂዋለሽ፤ መርፌውን ከፊት በማስገባት ፈንታ ከኋላ ስለማስገባ፣ እያንዳንዷ የክር ቀለበት እግሯን አነባብራ እንደተቀመጠች ሴት ተጠምዝዛ ትወጣለች። እማዬ “ይህን ጠማማ እጅ ከየት አመጣሽው? ከእኔስ አይደለም” እያለች ትስቅብኝ ነበር። የእርሷ ቀጥ ያሉ ነበሩ። ያ የተጨረሰው ረድፍ ከዳር እስከ ዳር የተጠመዘዘ ነው። የሌባ እጅ የእኔን ጥፋት ከየት ይማራል?

እንግዲህ የጨረስኩት እኔ ነኝ። አድርጌው አላስታውስም ማለት ነው። እታለም፣ እማዬም ስትጀምር እንዲህ አልነበረችም? ድስቱን አውርዳ አላወረድኩም አላለችም? ሐኪሙ “በቤተሰባችሁ ሌላ ሰው ነበረበት?” ብሎ ሲጠይቅ ሁለታችን የተያየነውን አልረሳሁትም። ያነበበውን የማያስታውስ አራሚ አራሚ አይደለም። እኔ ደግሞ ከዚህ ሌላ ሙያ የለኝም፤ ከራሴም በቀር የሚጠብቀኝ የለም።

አንድ መንገድ ይቀረኛል። እማዬን ያስታመመችው ሴት እስካሁን የቤታችን ቁልፍ በእጇ ነው። ልጠይቃት አስቤአለሁ። እርሷ ሆና ብትገኝ ደስ ይለኛል፤ ይህን መመኘቴ ደግሞ ያሳፍረኛል።

ታናሽሽ


ኅዳር 1

ለምወድሽ እታለም፣

አስታማሚዋ ዘንድ አትሂጂ ያልሽኝ ካርድ የደረሰኝ ከሄድኩ በኋላ ነው።

ለምን እንደከለከልሽኝ አልጻፍሽም። ምን እንደተባባልን ለማወቅ ከፈለግሽ ግን እነሆ። አስታማሚዋ እጇን እየጠራረገች በሩን ከፈተችልኝ፣ ሳመችኝ፣ አስቀመጠችኝ። እኔም እንዲህ አልኩ፦ “እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቤት ውስጥ ሰው እየገባ ነው። ቁልፍ ያለን ሦስት ሰዎች ብቻ ነን።”

“እና?”

“እና እርስዎ ገብተው እንደሆነ ልጠይቅዎ ነው።”

“ልጄ፣ ይሄ እጅ እናትሽን ያጠበ እጅ ነው። ምን ጠፍቶሽ ነው?”

“የጠፋ የለም። ተጨምሮ ነው።”

“ምን ተጨመረ?”

“ግማሽ ረድፍ ሹራብ።”

“ተጨመረብኝ ብለሽ ልትከሺኝ መጣሽ?” አለችና ሳቀች። ስትስቅ ቆይታ ፊቷ ተለወጠ። ከግድግዳው ላይ ቁልፉን አውርዳ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። “እንኪ። ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ የኔ ልጅ” አለችኝ። የተናገረችው በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቁልፉ አሁን በመሳቢያዬ ውስጥ ነው። ይህ ከሆነ በኋላ ሐሙስ መጣ፤ ረድፉን መሐል ላይ ትቼ ወጣሁ፤ ማታም አልቆ አገኘሁት። ንጹሕ ሰው በከንቱ አስቀይሜአለሁ።

ሌላም አለ። ዳኛ እንግዳ ሲያይ አልጋ ሥር እንደሚገባ ታውቂያለሽ፤ የጋዝ ሠራተኛው የመጣ ጊዜ እስከ ማታ አልወጣም። ሐሙስ ሐሙስ ግን በሩ ላይ ሊቀበለኝ አይመጣም፤ ሳሕኑንም ዞር ብሎ አያየውም። የጠገበ ድመት ነው። እማዬ ከሞተች ወዲህ ማንም በማይቀመጥበት ወንበር ላይም ፀጉሩን አገኘሁ። ፀጉሩ ዳር ዳሩን ብቻ ነው ያለው፤ መሐሉ ንጹሕ ነው። ድመት ብቻውን ቢተኛ መሐሉ ላይ ነበር የሚተኛው። መሐሉን ሌላ ሰው ይዞት ነበር።

ያ ሌላ ሰው እኔ እሆን? ልብሴ ላይ እንዲያ ያለ ፀጉር ፈለግሁ፤ የድመት ባለቤት ልብስ ላይ ግን ምን ማስረጃ ይገኛል? ለሚቀጥለው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ። ቁልፍ ሠሪም አነጋግሬአለሁ። ከሁለቱ አንዱ መልስ ይሰጠኛል።

ታናሽሽ


ኅዳር 8

ሆዴ፣

ሐኪም ዘንድ አትሂጂ። ምንም የለብሽም። አውቃለሁ ስልሽ እመኚኝ።

የበሩንም ቁልፍ አታስቀይሪ፣ ቢያንስ እኔ እስክጽፍልሽ። ለዛች ሴትዮ ደግሞ እኔ እጽፍላታለሁ፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም እላታለሁ።

የላክሽልኝ የቀዩ ክር ናሙና ደርሶኛል፣ በጣም ያምራል። እዚህ ብርዱ ጀምሯል። ባሌ ብርድ ልብሱ ሲመጣ ግማሹ የኔ ነው ብሎ ከወዲሁ እየተከራከረኝ ነው።

ብዙ መጻፍ አልቻልኩም። ይቅር በይኝ።

እህትሽ


ኅዳር 15

እታለም፣

ደብዳቤሽን አንብቤ አስቀመጥኩት፤ ከዚያም አንሥቼ ሰው የጻፈውን ጽሑፍ እንደማርም ሆኜ አነበብኩት። እንደ እህት ሳነበው ያላየሁትን ያን ጊዜ አየሁ።

“ምንም የለብሽም” ብለሻል። “ይመስለኛል” አላልሽም፤ “ተስፋ አለኝ”ም አላልሽም። “አውቃለሁ” ነው ያልሽው። ይህን ያህል ርቀሽ እየኖርሽ፣ እኔ ራሴ ስለ ራሴ የማላውቀውን አንቺ እንዴት ልታውቂ ቻልሽ? “ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም” ብለሽ ለአስታማሚዋ ልትጽፊ ነው። ታዲያ የማን ነው?

ወደ ኋላ ተመልሼ የቀድሞውንም አየሁት። ስለ ማሞቂያው ጠየቅሽኝ፤ ማሞቂያው ማንም ሳይነካው ተጠግኗል። ስለ ሐሙስ ጠየቅሽኝ፤ ነገሩ የሚሆነው ሁልጊዜ ሐሙስ ነው። “ረድፍ መሐል ላይ የተተወ ሥራ መንገድ ላይ እንደቀረ ሰው ነው ይባል አልነበር ቤታችን” ብለሽ ጻፍሽልኝ። ትናንት የእማዬን ቅርጫት ግርጌውን ገለበጥኩት። አንድ ካልሲ፣ አንድ የሕፃን ኮፍያ፣ አንድ የአንገት ልብስ ወጣ፤ ሁሉም ረድፍ መሐል ላይ የቆሙ ናቸው። እማዬ በር ሲንኳኳ መርፌዋን የትም ጥላ ትነሣ ነበር። ይህን አባባል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ያልሰማሁት፣ አንቺ ግን ያደግሽበት አባባል የማን ነው?

ቁልፍ የነበረን ሦስት ነን። የእኔ አንገቴ ላይ ነው። የአስታማሚዋ በመሳቢያዬ ነው። የአንቺን ቁልፍ ፎቶግራፍ አንሥተሽ ላኪልኝ።

የሐኪሙን ቀጠሮ አልሰረዝኩም። ሄጃለሁ። የዛሬን ቀን ጠየቀኝ፣ ሰዓት ሣዪ አለኝ፣ ቃላት ሰጥቶ መልሺ አለኝ። ሁሉን ካደረግሁ በኋላ “ከእኔ ይልቅ ታስታውሻለሽ” አለኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያን ዕንባ አንቺ ልታስቀሪልኝ ትችይ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። ጥርጣሬዬ ሐሰት ከሆነ እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ታናሽሽ


ኅዳር 22

የኔ ሊቅ፣

ቁልፌን ፎቶ ማንሣት አልችልም። እኔ ጋ የለም። አባዬ ጋ ነው።

እባክሽ ወረቀቱን አትቅደጂው፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

እማዬ ከሞተች በኋላ ጻፈልኝ። የሰማው ከቀብሩ በኋላ ነው። ያቺ ጥሎን በሄደበት ያገባት ሴት ከተለየችው ቆይታለች፤ እሱም ፋብሪካው ጡረታ አውጥቶት አንቺ ወዳለሽበት ከተማ ተመልሷል፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ። ያኔ ቀብሩ ላይ “በሕይወት ካለ እንኳ የእናቴን ደጃፍ አይረግጥም” ብለሽ የተናገርሽውን ነገርኩት። እውነቷን ነው አለኝ። ከዛ ደሞ ቆይቶ፣ ቤቱን አንዴ ብቻ ልየው አለኝ።

ያኔ አንቺ ማሞቂያው ያፈሳል፣ ሠሪ ለመጥራት ጊዜ የለኝም ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔም ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። ቁልፌን በፖስታ ላክሁለት። ሐሙስ ሐሙስ እስከ ማታ ነው ሥራዋ፣ ገብተህ ጠግነህ ውጣ፣ ምንም እንዳትነካ ብዬ አስምዬዋለሁ። ጠገነው። ግን በሌላውም ሐሙስ ሄደ። አንድ ጊዜ ብቻ አላልክም ወይ ስለው፣ “ድመቱ ለመደኝ” አለኝ። ይሄ መልስ ነው?

ሥራሽን ለምን ነካህ ብዬ ተቆጣሁት። ዕድሜውን ሙሉ በሹራብ ፋብሪካ የኖረ ሰው ነው፣ እጁ መቀመጥ አያውቅም። እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ “ረድፍ መሐል ላይ ቆሞ አይቼ እንዴት ልሂድ? መንገድ ላይ የቀረ ሰው አይቶ እንደማለፍ ነው።” እኔም “አንተ ነህ ይህን የምትለው? እኛን የት ነበር የተውከን?” አልኩት። በሚቀጥለው ደብዳቤው ለሁሉም ነገር መልስ አለው፣ ለዚህ ብቻ የለውም። ዘሎታል።

ስለ እጅሽ ደሞ ልንገርሽ። ገና ትምህርት ቤት ሳትገቢ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሁለት እርሳስ ሹራብ ያስተማረሽ እሱ ነው። እኔ ቀንቼ እርሳሱን ደብቄባችሁ አውቃለሁ። ያ የምትጠመዝዥው ነገር የሱ ነው። እማዬ ከየት አመጣሽው ስትልሽ ታውቅ ነበር። ስሙን ላለመጥራት ነው።

ፈራሁ ብለሽ ስትጽፊልኝ ወዲያው ልነግርሽ ይገባ ነበር። እየጀመርኩ ቀደድኩት። ብነግርሽ ቁልፉን እንደምታስቀይሪ አውቃለሁ፤ እሱ ደግሞ ሐሙስን መጠበቅ ጀምሮ ነበር። ለሁለታችሁም አዘንኩና አንቺን ጎዳሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጠሽ ያለቀስሽው ከዓይኔ አልጠፋም።

ስደቢኝ። ዝም ብቻ አትበዪኝ።

እህትሽ


ታኅሣሥ 1

እታለም፣

ቴሌግራምሽ ደርሶኛል። አዎን፣ ደኅና ነኝ። አይ፣ ደብዳቤሽን አልቀደድኩትም።

አልሰድብሽም፤ ስድብ ስላላወቅሁ ግን አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። አንድ ሰው ሌላውን በቤቱ ጉዳይ ቢያታልለው፣ የተታለለው በሩን ይዘጋል። በገዛ አእምሮው ቢያታልለው የት ይገባል? የራሴን እጅ ሳይ “ይህ የኔ ነው ወይ?” እያልኩ ሳምንታት ኖሬአለሁ። አንቺ ደግሞ ድመቴ ሹራብ ይሠራል ብለሽ ቀለድሽብኝ።

የበሩን ቁልፍ ማክሰኞ ዕለት አስቀየርኩ። ቁልፍ ሠሪው አሮጌውን እያገላበጠ “ይሄማ በሹካም ይከፈት ነበር” አለኝ። ከአዲሶቹ አንዱን ይቅርታ ጠይቄ ለአስታማሚዋ እሰጣለሁ። ለአንቺ ለጊዜው አልልክልሽም።

በዚያው ማታ ሌላም ነገር ልሠራ ተቀመጥኩ። ያ ሰው የሠራውን ሁሉ ከብርድ ልብሱ ልተረትር ነበር። ያለ ፈቃድ የገባ ነገር በቤቴ ቦታ የለውም ብዬ አሰብኩ። መነጽሬን አድርጌ፣ መብራቱን አቅርቤ፣ ረድፍ በረድፍ ፈተሽኩ። ዳኛ እንደልማዱ መጥቶ ላዩ ላይ ተቀመጠ። አንሥቼ አወረድኩት፤ ተመልሶ ወጣ። ደጋግሜ ፈለግሁ። ማረም ሥራዬ ነው፤ ከሺህ መስመር ውስጥ የሌላ ሰው እጅ የገባበትን አንድ መስመር መለየት እችላለሁ። ይህን ግን አልቻልኩም። የቱ የእርሱ፣ የቱ የእኔ እንደሆነ አይለይም። የእርሱን ለማውጣት የእኔንም መተርተር ነበረብኝ። መቀሱን መልሼ አስቀመጥኩ።

ስለ ሐሙስ ምን ላድርግ ብለሽ ለጠየቅሽኝ፦ አትጻፊለት። ቁልፉ መቀየሩንም አትንገሪው። ይህ የአንቺ ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 10

ለእህቴ፣

“ምን ሆነ?” የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ የጻፍሽበት ካርድ ደረሰኝ። እንዲህ ሆነ።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። በመስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሥራዬን ጀመርኩ። ምን እንደምል በልቤ አዘጋጅቼ ነበር፤ ንግግሩ ታርሞ፣ ነጥቡና ሰረዙ ተስተካክሎ ተቀምጧል። ከእኔ ቀድሞ የሰማው ዳኛ ነው። አልጋ ሥር አልገባም፤ ጅራቱን አቁሞ ወደ በሩ ሄደ። ቀጥሎ አሮጌው ቁልፍ በቀዳዳው ሲገባ ሰማሁ። አልዞር አለ። ወጣና እንደገና ገባ። አሁንም አልዞረም። ከዚያ ጸጥ አለ። ደረጃውን ሲወርድ እሰማለሁ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልወረደም።

ተንኳኳ። በጣም ቀስ ተብሎ።

ረድፉ መሐል ላይ ነበርኩ። እስክጨርሰው ይጠብቅ ብዬ ወስኜ ነበር፤ መጠበቅ ምን እንደሆነ ትንሽ ይወቀው ብዬ። አልቻልኩም። መርፌዎቹን እንዳሉ ጣልኩና ተነሣሁ፤ ልክ እንደ እማዬ።

ከማስታውሰው ያነሱ ሰው ናቸው። የማስታውሰው ነገር እንዳለኝም ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። እንደ እንግዳ አንቱ አልኳቸው።

“ማን ልበል?”

“ማሞቂያውን የጠገንኩት ሰው ነኝ” አሉ። እጃቸው ላይ ያለውን ቁልፍ አዩት። “ይሄ አልሠራም አለ።”

“አስቀይሬዋለሁ።”

“ደግ አደረግሽ። አሮጌው ማንንም ያስገባ ነበር።”

“አስገብቶም ነበር” አልኩ።

ዳኛ በእግራቸው መሐል ተጠመጠመ። በልባችሁ የምታስቡትን አውቃለሁ፤ አንቺም እርሳቸውም ዳኛው ፈረደ ልትሉ ነው። ፍርዱን አልቀበልም። ኪሳቸውን ሲዳብሱ በላስቲክ የተጠቀለለ የዓሣ ቁራጭ ሲወጣ አይቻለሁ። ጉቦ የበላ ዳኛ ነው።

ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ። አንቺ የጠየቅሻቸውን፣ እርሳቸው የዘለሉትን ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋቸው። በቆሙበት መለሱልኝ። ምን እንዳሉ አልጽፍልሽም። የተጠየቁት ለሁለታችን ስለሆነ፣ ላንቺም ራሳቸው እንዲጽፉልሽ ነግሬአቸዋለሁ። መልሱ በቂ ነው አልልም። አለመዝለላቸውን ብቻ እመሰክራለሁ።

የምፈቅደውን እንዲህ አስታወቅኋቸው፦ እኔ ቤት ስኖር ብቻ ይመጣሉ፤ ያንኳኳሉ፤ ቁልፍ አይኖራቸውም። ለዚህ ብዬ ሐሙስን ከሰዓት በኋላ ነጻ እንዲያደርጉልኝ አለቃዬን ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። አሮጌውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ከሄዱ በኋላ ቤቱን ዞሬ ዕቃውን አየሁ፤ ምንም አልጎደለም። ማየቴን የምጽፍልሽ ግን ያሉትን ሁሉ አመነች እንዳትዪ ብዬ ነው። አላመንኩም። ምናልባት እንዲህ ስጠራጠር እኖራለሁ።

ለአስታማሚዋ አዲሱን ቁልፍ ወስጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ቁልፉን ግድግዳው ላይ እየሰቀለች “አሁንስ ምን ተጨመረብሽ?” አለችኝ።

“አባት” አልኳት።

ስትስቅ ቆየች። በዚህኛው ሳቅ እኔም አብሬያት ነበርኩ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለአንቺም ቁልፍ ልኬልሻለሁ። ለማንም እንዳትሰጪው። ብርድ ልብስሽ ትንሽ ይዘገያል፤ ይቅርታሽን እለምናለሁ። በሩን ልከፍት ስነሣ ረድፉን መሐል ላይ ትቼው ነበር፤ እስካሁንም እንዳለ ነው። ማታ ማታ ከዳኛ ጋር ተቀምጬ አየዋለሁ፣ እጄም ይበላኛል። እስከ ሐሙስ ግን አልነካውም።

ታናሽሽ